ቨርቹዋል ማሽኖችን ከጋራ ማከማቻ ጋር ስለ ማገናኘት፤ የሸዋ ሮቢት መንገድ እንደ ምሳሌ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው ባበጁት ዋሻ ይሾልካል፤ ከዚያም በደብረ ሲና ቁልቁለቱን ተያይዞ ወደ ይፋት ቆላ ይገባል። ርቀቱ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሸዋ ሮቢት ያለ አንድ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት መዝገቡን የሚይዘው ኮምፒዩተር የት ይቀመጥ፣ ዲስኩስ የት ይኑር ተብሎ ሲጠየቅ፣ ርቀቱም ዋሻውም በመልሱ ውስጥ ይገባሉ።

እንደሚታወቀው ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ሰርቨር ላይ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ተዳብሎ፣ ራሱን እንደ ቻለ ኮምፒዩተር ሆኖ የሚሠራ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አይ ቢ ኤም ቪኤም/370 የተባለውን ሥርዓት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። ይሁን እንጂ የማሽኑ ዲስክ በሰርቨሩ ሆድ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ሰርቨሩ ሲወድቅ ማሽኑም አብሮ ይወድቃል። በአጭሩ ሳን የሚባለው የማከማቻ ኔትወርክ ዲስኮቹን ከየሰርቨሩ አውጥቶ በአንድ ጎተራ ያኖራቸዋል፤ አንዱ ሰርቨር ቢሰናከል ሌላው ያንኑ ማሽን ከዚያው ጎተራ ያስነሣዋል።

ታዲያ ማሽኑን ሸዋ ሮቢት፣ ጎተራውን አዲስ አበባ ማድረግ ይቻላል ወይ? ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህን መንገድ ደርሶ ለመመለስ ከ2 ሚሊሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የዛሬው የፍላሽ ማከማቻ መልስ የሚሰጠው ከ1 ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። አንዱ ሳይጸና ሌላው የማይቀጥል 1,000 ጽሕፈት ያለው ሥራ ከ2 ሴኮንድ በላይ በመንገድ ብቻ ያባክናል። ወረዳዎችን ለማገናኘት በተዘረጋው ወረዳኔት እንደ ነበረው በሳተላይት ቢሆን ደግሞ፣ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ስለሚወስድ ያው ሥራ 8 ደቂቃ ይጨርሳል! ስለዚህ ማሽኑና ዲስኩ አይለያዩ፤ ሩቅ መሆን ያለበት የጸሐፊው መስኮት ነው። ጸሐፊው ለአንድ ጥያቄ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ቢጠብቅ አይሰማውም።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ እንደ ነበር አይዘነጋም። መዝገቡ በዚያው ክፍል ባለ አንድ ሰርቨር ብቻ የተቀመጠ መሥሪያ ቤት፣ ክፍሉ ሲጠፋ የባለጉዳዩ ይዞታና ሒሳብ ማስረጃም አብሮ ይጠፋበታል። መዝገቡ በማዕከል ያለ ግን የሚያጣው ጠረጴዛና ስክሪን ነው። እርግጥ መሥመሩ ሲቋረጥ ማዕከሉ ለቆላው ሰው ምንም አይፈይድለትም፤ ለአስቸኳይ ሥራ የሚበቃ ትንሽ ሰርቨር ከነዲስኩ በስፍራው ማኖር ይገባል፤ ሙቀቱን የሚቋቋም ማቀዝቀዣ ካልተረሳ።

አሁን ወደ ዋሻው እንመለስ። መኪና ተሰናክሎ ዋሻው ቢዘጋ፣ አንዱ በአውቶቡስ ሌላው በጭነት መኪና መሳፈራቸው አይረዳቸውም፤ ሁለቱም ቆመው ይጠብቃሉ። በማዕከሉ ክፍል ውስጥም ከሰርቨሩ ሁለት ኬብል ወጥቶ ሁለቱም አንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ፣ መንገዱ አንድ ነው። ሁለት ስዊች ቢኖርም ሁለቱ ከአንድ የኤሌክትሪክ መሥመር ከተቀጠሉ አሁንም አንድ ነው። እውነተኛ ሁለት መንገድ ማለት ሁለት ካርድ፣ ሁለት ስዊች፣ በማከማቻውም ሁለት ተቆጣጣሪ፣ ኃይሉም ለየብቻ ሲሆን ነው። በፋይበር ቻነል ፈንታ አይስካዚን የመረጠ ደግሞ ለማከማቻው የተለየ ኔትወርክ ይስጠው፤ ከጽሕፈት ቤቱ ትራፊክ ጋር መቀላቀል የቁጠባ መልክ ያለው ኪሳራ ነው።

ከኬብሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጥፋት የሚመጣው ከፈቃዱ ነው። ማሽኑን ተክተው ሊያስነሡ የሚችሉ ሰርቨሮች ሁሉ ያንኑ የዲስክ ክፍል በአንድ ዓይነት ማየት አለባቸው፤ አንዱ ካላየ፣ በአደጋው ሰዓት ማሽኑን የሚቀበለው የለም። በተቃራኒው የማይመለከተው ሰርቨር ካየው፣ አዲስ ሥርዓት የሚጭን ሠራተኛ ክፍሉን ባዶ ዲስክ መስሎት ሊደመስሰው ይችላል። ዞኒንግ የሚባለው አጥር የታሰበው ለዚህ ነው፤ አዲስ ሰርቨር ሲጫንም የማከማቻው ኬብል ነቅሎ ማቆየት ሞኝነት አይደለም። የዲስኩ ቅጽበታዊ ቅጂ በዚያው ጎተራ ከተቀመጠ መጠባበቂያ አይባልም፤ ጎተራው ሲቃጠል እህሉም ዘሩም ይቃጠላልና።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንዱን መንገድ ሆን ብሎ መንቀል፣ ማሽኖቹ ሳይቆሙ መቀጠላቸውን ማየት፣ ከዚያም መልሶ ሰክቶ ሁለተኛውን መንቀል ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከመነቀሉ በፊት የመጀመሪያው በእርግጥ መመለሱ ይረጋገጥ፤ በአንድ መንገድ ብቻ የቀረ ሥርዓት ለተጠቃሚው እንደ ጤነኛው ይሠራልና።