በወሊድ ሰሞን የላም መከላከያ ለምን ይላላል?



ለወተት ላም ክፉው ሰሞን ከመውለዷ በፊትና በኋላ ያሉት ሦስት ሦስት ሳምንታት ናቸው። የጡት በሽታው፣ የማሕፀን ቁስለቱ፣ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። አርቢው ጋጣውን ይወቅሳል፣ ባለሙያው ባክቴሪያውን፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። እኔ ግን ከሁለቱም አስቀድሞ የላሟ ሆርሞን ሊጠየቅ ይገባል እላለሁ።

ጽንሱ ግማሽ ዘሩ የኮርማው ስለሆነ ለእናቱ ነጭ የደም ሴሎች ባዕድ ነው። ዘጠኝ ወር ያህል ሳይነካ የሚቆየው በከፊል ፕሮጀስትሮን የተባለው ሆርሞን የማሕፀኗን መከላከያ ስለሚያለዝበው ነው። ምጥ ሲቃረብ ፕሮጀስትሮን በአንድ ጊዜ ያሽቆለቁላል፣ ኢስትሮጅንና ኮርቲሶል ይንራሉ። እስከዚያ ታግሦ የኖረው መከላከያም እንግዴ ልጁን በባዕድነቱ ለይቶ በማላቀቁ ሥራ መሳተፍ ይጠበቅበታል።

የኒውትሮፊልን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ጀርም ወደገባበት ቀድሞ የሚደርሰው ይህ ነጭ የደም ሴል ነው። ኤል ሴሌክቲን በተባለ ፕሮቲን የደም ሥሩን ግድግዳ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ይንከባለላል፣ ፍጥነቱ ሲበርድ ግድግዳውን አልፎ ወደ ሥጋው ይገባል። በምጥ ሰዓት የሚንረው ኮርቲሶል ይህን መያዣ ከሴሉ ላይ ያረግፈዋል። ስለዚህ ደሟ ሲመረመር ኒውትሮፊል በዝቶ ሊታይ ይችላል፤ ጡቷና ማሕፀኗ ግን ደራሽ አጥተዋል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ደህና ናት» ማለት አደገኛ ነው። በዚያ ሰሞን ላሟን በመኪና ማንገላታትም ሆነ ከማታውቃቸው ላሞች ጋር መቀላቀል ኮርቲሶሉን ያባብሰዋል።

እንግዴ ልጅ የሚቀርባቸው ላሞች ኒውትሮፊላቸው ገና ሳይወልዱ ደክሞ እንደሚገኝ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ እባካችሁ፣ እጅ አስገብቶ መጎተት ይቅር። የማሕፀኑን ሽፋን ያቆስላል እንጂ ለደከመው ሴል አይደርስለትም።

ከወሊድ በኋላም የሆርሞኑ ነገር ይቀጥላል። ላሟ በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ስትፈልግ ኢስትሮጅን ይበረታል፤ የማሕፀን በር ይከፈታል፣ ንፍጥ ይወርዳል፣ የገባው ጀርም ይጠረጋል። ከቀናት በኋላ በእንቁልጢዋ ላይ ያደገው ኮርፐስ ሉቴም ፕሮጀስትሮን ሲያመነጭ በሩ ይዘጋል፣ መከላከያውም ይለዝባል። ያኔ የገባ ባክቴሪያ ማሕፀኑን መግል ሊያስቋጥር ይችላል። የዚህ ሕመም ዋና መድኃኒት ፕሮስታግላንዲን ነው፤ እሱ ደግሞ ባክቴሪያ ገዳይ አይደለም። ኮርፐስ ሉቴሙን ያከስማል፣ ፕሮጀስትሮኑ ይወርዳል፣ ላሟ ኮርማ ትፈልጋለች፣ መግሉ ይፈስሳል። በሙያችን እንደዚህ የሚያስደንቀኝ ሕክምና ጥቂት ነው።

በሰው ሠራሽ ዘዴ የምታዳቅሉ ባልደረቦቼ ይህን አደራ ያዙልኝ። ፍላጎቷ ካለፈ በኋላ መሣሪያ ማስገባት ድካሙ ከንቱ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ መከላከያው በላላበት ሰዓት ጀርም ይዞ መግባትም ነው። ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። ሰዓቷ ያለፈባት እስከሚቀጥለው ዙር ትቆይ፤ አርቢውም ቀኑን ይመዝግብ።