ከሰማይ የሚወርደው ምንድን ነው?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በራቤል ገደል አፋፍ ያደግን ልጆች አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቀና ብለን «ምን ጭኖ ይሆን?» እንላለን። ዛሬ የምንናገረው ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ስለ ሰጡ አንድ አብራሪ ነው። እርሳቸውም ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ናቸው።

ጠላት አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋራ ሆነው በትንሽ አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላልሱ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የጠላት አውሮፕላኖች የስዊድንን ሆስፒታል በመልካ ዲዳ ደበደቡ። እንግዲህ በአንድ ሰማይ አንዱ አውሮፕላን ሲገድል ሌላው ሲያድን ታየ።

ከነጻነት በኋላ በቢሾፍቱ የአየር ኃይላችን አዛዥና አደራጅ ሆነው እስከ 1948 ዓ.ም. አገለገሉ። በግንቦት ወር 1939 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ የሳፊር አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥተው 6,220 ኪሎ ሜትር ሳያርፉ በረው፣ 31 ሰዓት ያህል ቆይተው አዲስ አበባ ደረሱ። ከዚያም በኋላ በንግድ አየር መንገድ ሠሩ።

እውነቱን እንናገር፤ የእጃቸው ሥራ ሁሉ ፈውስ አልነበረም። በፊንላንድ ጦርነት ቦምብ ጥለዋል፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ለቢያፍራ ተሰልፈው የናይጄርያን አየር ማረፊያዎች አጥቅተዋል። ሆኖም በ1966 ዓ.ም. አገራችንን ረኀብ በመታት ጊዜ ተመልሰው መጡ። መንገድ ለሌለው አገር፣ ቦምብ በሚንጠለጠልበት በአውሮፕላን ክንፍ ሥር የእህል ከረጢት አንጠልጥለው፣ ዝቅ ብለው እየበረሩ ለተራበው ይጥሉ ጀመር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጎዴን ሲያጠቃ በዚያው ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እጁም ያው እጅ፣ ጥበቡም ያው ጥበብ ነበር፤ የተለወጠው ሸክሙ ነው። በወንጌል መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ እንደ ተወቀሰ ተምረናል። ዳሩ ግን መክሊቱን አውጥቶ ለጥፋት የሚያውለውስ ምን ይባላል? ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ሁሉ መሐንዲስ፣ ወታደር፣ ነጋዴ እንሆን ይሆናል። ወላጆቻችን ገብስ ሸጠው ያስተማሩን ግን ስማችን ከፍ እንዲል ብቻ አይደለም። ወደ ላይ በወጣን ቀን፣ ከታች ቀና ብሎ «ምን ይዘው ይሆን?» ለሚለን ወገናችን መልሳችን እህል ይሁን።

እግዚአብሔር ይርዳን።