ስለ ጎማ ማፈራረቅና ማመጣጠን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ለብዙዎቻችሁ የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። ከመካከላችን የስፖርት መኪና ያለው የለም፤ በቅርቡም የሚኖረው አይመስለንም። ነገር ግን ሁላችንም በየቀኑ በጎማ ላይ ተሳፍረን እንሄዳለን። የስፖርት መኪናን ለምሳሌ የመረጥነው ፈጣን ስለሆነችና ሞላዋም ጠንካራ ስለሆነ፤ የጎማን ሕመም ከሌላው መኪና ቀድማ ስለምትናገር ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፍራ ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። የተሳፋሪው ሕይወት ያለው በነዚህ አራት መዳፎች ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የማዝዳ ፋብሪካ ያወጣትን ሚያታ የምትባለውን መኪና እንውሰድ። ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ሞተሯ ከፊት ነው፤ ኃይሉ የሚደርሰው ግን ለኋላ እግሮቿ ነው። አራቱም ቸርኬዎቿ ባለ 14 ኢንች ሲሆኑ፤ ጎማዎቿም እኩል ናቸው።

አሁን ከቸርኬዎቿ በአንደኛው ጠርዝ ላይ በአንድ ወገን 30 ግራም ብልጫ አለ እንበል። ይህ ክብደት በእጅ ሲያዝ ከቁም ነገር አይቆጠርም። ነገር ግን በፊዚክስ ትምህርት እንደተማርነው፤ የሚዞር ነገር ወደ ውጭ የሚጎትትበት ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። መኪናይቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ያ 30 ግራም ከአንድ ኪሎ በጥቂቱ በሚበልጥ ኃይል ይጎትታል። በ100 ኪሎ ሜትር ጊዜ ግን ኃይሉ አራት እጥፍ ሆኖ አምስት ኪሎ ያህል ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት እግሩ በሰኮንድ 15 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፤ የአምስት ኪሎ መዶሻ በየሰኮንዱ 15 ጊዜ ኩሽኔታውንና የመሪውን መገጣጠሚያ ይደበድባል ማለት ነው።

ሚዛን የማጣት ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው እግሩን ወደ ላይና ወደ ታች ያዘልለዋል። ሁለተኛው ክብደቱ በቸርኬው ውስጥና ውጭ ጠርዝ ሲለያይ የሚመጣ ሲሆን፤ እግሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዘዋል። ይህን ሁለተኛውን ጎማው ቆሞ ሳለ ማወቅ አይቻልም፤ በማሽን ላይ መዞር አለበት። ማሽኑ የጎደለውን ስፍራ ያመለክታል፤ ሠራተኛውም በዚያ ላይ ትንሽ ክብደት ይለጥፋል። ይህ ክብደት ድሮ እርሳስ ነበር። እርሳስ መርዝነት ስላለው በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2005 ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪና ላይ ስለተከለከለ፤ በብረት ወይም በዚንክ ተተክቷል።

ወደ ማፈራረቁ እንለፍ። እንደ ሚያታ ባለች መኪና የኋላ ጎማዎች በሞተሩ ግፊት ይበላሉ፤ የፊቶቹ ደግሞ በመታጠፊያ ላይ ትከሻቸው ይፈጋል። ስለዚህ በየ8,000 እስከ 12,000 ኪሎ ሜትር ቦታቸውን ማለዋወጥ ተገቢ ነው። የኋላዎቹ በየወገናቸው ቀጥ ብለው ወደ ፊት ይመጣሉ፤ የፊቶቹ ግን ተሻግረው፤ የግራው ወደ ቀኝ፤ የቀኙ ወደ ግራ፤ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ኃይሉ ለፊት እግር በሚደርስባት መኪና ሥርዓቱ ተገላቢጦሽ ነው።

ይህ ሥርዓት ግን ለሁሉም አይሠራም። በ1975 የወጣው ፖርሼ 911 ቱርቦ የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ የሰፉ ስለሆኑ ከኋላ ወደ ፊት ማምጣት አይቻልም። በጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት የተጻፈበት ጎማም ከቸርኬው ካልወጣ በቀር ወገኑን አይለቅም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማፈራረቅ መድኃኒት አይደለም። የስፖርት መኪና ጎማ መታጠፊያ ላይ መሬት እንዲይዝ ሲባል አናቱ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ስለሚሆን፤ የውስጡ ትከሻ ቀድሞ ያልቃል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ጎማው ደኅና ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ሽቦው ሊወጣ ደርሷል። እንዲህ ያለውን ጎማ ቦታ ማለወጥ ጉድለቱን ወደ ሌላ እግር ማዛወር ብቻ ነው። መስተካከል ያለበት የእግሮቹ አቅጣጫ ነው። በብዙ አገር ሕግ የጎማው ጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ በዝናብ ጊዜ ግን ጎማው እዚያ ሳይደርስ ውኃው ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። ስለዚህ መኪናው በቆመበት እጃችንን ወደ ውስጥ ሰደን እንዳስስ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ገንዘብ አጥሮ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ከተገዛ ለኋላ ይሁን። የፊቱ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ፍጥነት ሲቀንሱም ይመለሳል። የኋላው ሲከዳ ግን መኪናው ይሽከረከራል፤ ያን ጊዜ መሪ የሚመልሰው ጥቂት ሰው ነው። ብሎኖቹም በዙሪያ ተራ ሳይሆን በመስቀለኛ ይጥበቁ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላም እንደገና ይታዩ።

ወገኖቻችን፤ ይህን ሁሉ የምንናገረው ስለ አንዲት የሀብታም መኪና አይደለም። በምንሳፈርበት ሚኒባስ መሪው ሲንቀጠቀጥ ሾፌሩ «መንገዱ ነው» ይለናል። መንገዱ ከሆነ በማንኛውም ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። በለሰለሰ አስፋልት ላይ በአንድ ፍጥነት ጀምሮ ሌላ ላይ ሲደርስ የሚተው ከሆነ ግን ጥፋቱ የእግሩ ነው። ይህን የሚያውቅ ተሳፋሪ በትሕትና መናገር ይገባዋል፤ ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም።

ሌላም አንድ ነገር አለ። እኛ በፈተና ወረቀት ላይ የምንጽፈውን ሕግ ጎሚስታው ከጠዋት እስከ ማታ በዘይት እጁ ይሠራበታል። እኛ ስሌቱን አውቀን ክሪክ ማስገባት አንችልም፤ እርሱ ደግሞ የሚሠራበትን ምክንያት የነገረው የለም። ይህ ክፍተት ለሁለታችንም ጉዳት ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ተማሪዎች ከጎሚስታዎች ጋር ቆመው የሚሠሩበት፤ እነርሱ እጃቸውን፤ እኛም ስሌታችንን የምናካፍልበት የልምምድ ቀን እንዲያዘጋጅ እናሳስባለን። ልብሳችን ቢቆሽሽ ይታጠባል።