የእስስቷ ቤት
(በሠፈራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ልጆቻችን ያመጧትን የመጀመሪያዋን እስስት በጠርሙስ ዘግተን ገደልናት። ጥፋቱ የኛ የትልልቆቹ ነው። ለሁለተኛዋ ግን ቤት ሠርተንላታል፤ የገዛነው ምስማርና ወንፊት ሽቦ ብቻ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው፦ መውጣት ስለምትወድ አሮጌ የጣውላ ሳጥን በቁመቱ ይቆማል። አየር እንዲገባ ጎኖቹ በሽቦው ይሸፈናሉ፤ እንዳይወጋት ጫፉ ወደ ውጭ ይታጠፍ። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይግባበት። ውሃ በሳህን ብንሰጣት እምብዛም አትጠጣም፤ ጠዋትና ማታ ቅጠሉ ላይ እንርጭላት፣ ጠብታውን ትልሳለች። ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ ይሁን። ምግቧ በሕይወት ያለ ፌንጣና ዝንብ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አናስገባ፤ ይጣላሉ።

እስስት መርዝ የላትም፤ ድንጋይ አንወርውርባት። ልጆቹ አይተው ሲጠግቡ ወደ ተያዘችበት ቁጥቋጦ እንመልሳታለን።