ዕጣው መቼ ይወጣል?

በኅዳር ወር በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ከሥራ አመራር ኮሚቴው የቀረበ ንግግር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

የሌሊት ፈረቃ ጨርሳችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ስለዚህ ብዙ አናስረዝምም።

ባለፈው ስብሰባችን ለሜሪላንድ የተወካዮች ምክር ቤት የምትወዳደር አንዲት ዕጩ መጥታ ከእኛ ጋር ቡና ጠጥታ እንደሄደች ታስታውሳላችሁ። ይዛ የመጣችው ወረቀት በአማርኛ ተተርጉሞ ነበር፤ ስለ ድካሟ እናመሰግናለን። ርዕሱ ግን «ለሚሠሩ ቤተሰቦች ቅድሚያ የምሰጣቸው ጉዳዮች» ይላልና ከኋላ የተቀመጡ እህቶች «እዚህ አገር የማይሠራ ቤተሰብ የት አለ?» ብለው ሲስቁ ሰምተናል። ሠርቶ አዳሪ ለማለት ነው።

በወረቀቱ የሰፈሩት ነገሮች ደግ ናቸው። ለወለደች ወይም ለታመመ ሰው ክፍያ ያለው ፈቃድ፣ የሕፃናት መዋያ እርዳታ፣ የሰዓት ክፍያ፣ የሕመም ቀን። አንድ በአንድ ስታስረዳን አጨበጨብን። ከዚያ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት እናታችን እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ይኼ ለወላድ የሚሰጠው ገንዘብ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ዕጩዋ «ሕጉ እኮ ወጥቷል» አለች። እሳቸውም «መውጣቱንስ ሰማን፤ እኔ የጠየቅሁሽ ቀኑን ነው» አሏት። ዕጩዋ ስለ ሕጉ ጥቅም ብዙ ተናገረች፤ ቀኑን ግን አልነገረችንም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ቀን ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ማኅበራችን ከቀረጥ ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር በመሆኑ የትኛውንም ዕጩ መደገፍም መቃወምም በፌዴራል ሕግ ተከልክለናል። የዕጩዋን ስም የማንጠራው ለዚህ ነው፤ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎችም እንዲመጡ ጠርተናቸዋል። ስለ ሕጉ ከመናገርና ከመጠየቅ ግን የሚያግደን የለም።

ከመካከላችን አንዷ፣ ፈቅዳልን ነው የምንናገረው፣ በሐምሌ ወር ሴት ልጅ ወለደች። የምትሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ከ1993 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፤ 12 ሳምንት ሥራሽን ይጠብቅልሻል፤ ደመወዝ ግን የለውም። ደግሞም አሠሪው 50 ሠራተኛ ከሌለው፣ አንቺም ዓመት ቆይተሽ 1,250 ሰዓት ካልሠራሽ አይመለከትሽም። የእህታችን መሥሪያ ቤት 50 ሠራተኛ የለውም። በአምስተኛው ሳምንት ተመልሳ ሥራ ገባች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እናቲቱም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እህታችን ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ሥራ ገባች። የሙስሊም እህቶቻችንም አራስነት አርባ ቀን ነው፤ እሱም ቢሆን አልሞላላትም ነበር።

እኛ የምንችለውን አድርገናል። ገንፎው በተራ ተገነፋ፣ ሕፃኗ በተራ ተጠበቀች፣ የዕቁብ ዕጣዋም ቀድሞ እንዲሰጣት ዳኛችን ፈቀዱ። ይሁንና የዕቁብ ገንዘብ የራሷ ገንዘብ ነው፤ ቀድማ ወሰደችው እንጂ ማንም አልጨመረላትም። ዛሬም እየከፈለች ነው። ለጋሾቻችን «ማኅበሩ ለወላዶች ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ስትጠይቁን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ አቅማችን እዚህ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። የሜሪላንድ ምክር ቤት ለቤተሰብና ለሕክምና ክፍያ ያለው ፈቃድ የሚሰጠውን ሕግ ያወጣው በ2022 ነው። የወቅቱ ገዥ ውድቅ ቢያደርጉትም ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶ አጸናው። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት ሰው ገንዘብ መቀበል የሚጀምረው በጃንዋሪ 2025 ነበር። በ2023 ወደ ጃንዋሪ 2026 ተገፋ። በ2024 እንደገና ወደ ጁላይ 2026 ተገፋ። በ2025 ደግሞ ወደ ጃንዋሪ 3 ቀን 2028 ተገፋ። ሦስት ጊዜ ነው። ቀኑ ባይነካ ኖሮ እህታችን በሐምሌ ስትወልድ ሕጉ ሥራ ከጀመረ ግማሽ ዓመት ባለፈው ነበር። ልጇ ሕጉ ሥራ በሚጀምርበት ቀን ሁለት ዓመት አልፏት እየሮጠች ትሆናለች።

ዕቁባችን ዕጣ የሚወጣበትን ቀን ሦስት ጊዜ ቢያዛውር ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዳኛውም ጸሐፊውም እዚሁ ወለል ላይ ቆመው ይጠየቃሉ። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ልዩነት አለ፤ መዋጮው ገና መሰብሰብ ስላልጀመረ የማንም ገንዘብ አልተወሰደም። መዋጮው የሚጀምረው በጃንዋሪ 2027 ነው። በ2025 ለመገፋቱ የተሰጠውም ምክንያት ከፌዴራል መንግሥት ምን እንደሚመጣ አይታወቅም የሚል ነው። ምክንያቱ ከንቱ ነው አንልም። ብቻ ምክንያት በየዓመቱ አይጠፋም፣ መውለድም ቀጠሮ አይሰጥም።

ነገሩ የማይቻል እንዳልሆነ ከመንገዱ ማዶ እናያለን። ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት ዲሲ ነው። ዲሲ ከጁላይ 2020 ጀምሮ ከአሠሪዎች ብቻ ከሚሰበሰብ መዋጮ ለሠራተኞች ይከፍላል፤ ዛሬ ለወላድ 12 ሳምንት ነው። የሚታየውም የምትሠሪበት ቦታ እንጂ የምትኖሪበት አይደለም። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ፎቅ የሚኖሩ ሁለት እህቶች አሉን፤ አንዷ ዲሲ ሆቴል ትሠራለች፣ ሌላዋ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሁለቱም ወላዶች ናቸው። አንዷ እየተከፈላት አርሳለች፤ ሌላዋን ከላይ ነግረናችኋል።

የሜሪላንዱ ሕግ ሥራ ሲጀምር ምን ይሰጣል? እስከ 12 ሳምንት። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው፤ ለሴት ልጅ ክርስትና ደርሶ አራት ቀን ይተርፋል። ክፍያው ደመወዟ አነስተኛ ለሆነ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፤ ከፍተኛው በሳምንት 1,000 ዶላር ነው። ለወሊድ ብቻም አይደለም፤ እናትሽን ለማስታመም፣ ራስሽም በጽኑ ብትታመሚ ያገለግላል። ለማግኘት ባለፉት አራት ሩብ ዓመታት 680 ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል፤ በሳምንት 20 ሰዓት ለምትሠራ ይህ 34 ሳምንት ይሆናል። ከሁለት መሥሪያ ቤት ተደምሮ የሚሞላላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ የክፍያ ወረቀታችሁን አትጣሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ የብዙዎቻችን ነው። በዓመቱ መጨረሻ ደብልዩ-2 ሳይሆን 1099 የሚሰጣችሁ እጃችሁን አውጡ ብንል ስንት እጅ እንደሚወጣ እንገምታለን። የቤት ለቤት እንክብካቤ የምትሠሩ፣ የጽዳት ሥራ የምትሠሩ፣ ባሎቻችሁም ታክሲና ኡበር የሚነዱ። 1099 ማለት በወረቀት ላይ አሠሪ የለሽም፣ ራስሽን የቀጠርሽ ነጋዴ ነሽ ማለት ነው። የሕመም ቀን የለም፣ ትርፍ ሰዓት የለም፣ ይህም ፈቃድ በራሱ አይደርስሽም። ፈረቃሽን የሚያወጣልሽ ሌላ፣ ልብስሽን የሚመርጥልሽ ሌላ ሆኖ እያለ «ነጋዴ» ተብለሽ ከሆነ ምናልባት የተመደብሽው በስህተት ነው፤ ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል፣ ኮሚቴው ያግዛል። ዕጩዋ ስለዚህ አንድም ቃል አላለችም። በወረቀቷ ላይ የጎደለው ትልቁ ነገር ይኼ ይመስለናል።

የቀሩትን ቶሎ እንለፋቸው። የሕፃናት መዋያ እርዳታ፣ ስኮላርሺፕ የሚባለው፣ በሜይ 2025 ከጥቂቶች በስተቀር አዲስ ቤተሰብ መቀበል አቆመ። «እርዳታውን እደግፋለሁ» ለሚል ዕጩ ጥያቄው አንድ ነው፤ በሩ የሚከፈትበትን በጀት ከየት ታመጣለህ? የሰዓት ክፍያው በስቴቱ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው፤ ኑሮ ሲወደድ አብሮ እንዲያድግ በሕጉ አልተጻፈም። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን በየጁላይ ይስተካከላል፤ ከ50 በላይ ሠራተኛ ላለው አሠሪ በጁላይ 2025 17.65 ዶላር ሆኖ ነበር። ምግብ ቤት በጉርሻ የምትሠሩ እህቶች ደግሞ ይህን ያዙ፦ አሠሪው በስቴቱ 3.63፣ በካውንቲያችን 4 ዶላር ብቻ መክፈል የሚችለው ጉርሻሽ ሲደመር ዝቅተኛው ክፍያ ከሞላ ነው። ካልሞላ የሚሞላው እሱ ነው።

የሕመም ቀን ግን ዛሬውኑ በእጃችን ያለ ነው፤ አልተጠቀምንበትም እንጂ። ከ2018 ጀምሮ በሜሪላንድ ለእያንዳንዱ 30 ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት ይጠራቀማል፤ በዓመት እስከ 40 ሰዓት። ክፍያ የሚኖረው አሠሪው 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ ይሻላል፤ አምስት ሠራተኛ ያለው አሠሪ እንኳን እስከ 56 ሰዓት ከፍሎ ይሰጣል። ለልጅሽም፣ ለእናትሽም ሕመም ይሆናል። ይህንንም ሕግ በ2018 ያጸናው የገዥውን ተቃውሞ የሻረ የምክር ቤት ድምፅ ነው። ስለዚህ አናፖሊስ የሚቀመጥ ሰው ድምፅ ኩሽናችን ድረስ ይመጣል።

አናፖሊስ ያልነው የስቴቱ ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ከተማ ነው። ምክር ቤቱ በዓመት 90 ቀን ብቻ፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ይሰበሰባል። ስቴቱ 47 ወረዳ አለው፤ ከእያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ተወካይ። ሁሉም በ2026 ይመረጣሉ። በእኛ ወረዳዎች ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚለየው ኖቬምበር ሳይሆን ጁን ላይ በሚደረገው የፓርቲ ምርጫ ነው። በዚያ ምርጫ ለምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጠው በፓርቲ የተመዘገበ ብቻ ነው። ሲመዘገቡ «ፓርቲ የለኝም» ያላችሁ ካላችሁና መለወጥ ከፈለጋችሁ ከምርጫው 21 ቀን በፊት መለወጥ አለበት፤ በዕለቱ አይቻልም። የትኛውን እንደምትመርጡ የእናንተ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ እናቶች ልጃችሁን ወይም የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ አሠሪያችሁ ወይም የሠራተኛ ማኅበራችሁ ሰው ብቻ አይሁን።

ዜግነት ያላገኛችሁ አደራ፣ አትመዝገቡ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «መምረጥ ትፈልጊያለሽ?» ብትባሉ «አይ» በሉ፤ ለነገው የዜግነት ጉዳያችሁ ክፉ ጣጣ ያመጣል። ታኮማ ፓርክ የምትኖሩ በከተማው ምርጫ መሳተፍ ትችላላችሁ፤ እሱ የተለየ ነው፣ ለስቴቱ ግን አይሆንም። መጠየቅና መመስከር ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለመናገር ማንም ፓስፖርት አይጠይቅም።

ኮሚቴው ለሁሉም ተወዳዳሪዎች የሚላክ ደብዳቤ አዘጋጅቷል። ጥያቄዎቹ ዕቁብ ስንገባ የምንጠይቃቸው ናቸው፤ ስንት፣ መቼ፣ ለማን። ጃንዋሪ 3 ቀን 2028 ለአራተኛ ጊዜ ይገፋ ቢባል ድምፅህን እንዴት ትሰጣለህ? በ1099 የምትሠራዋስ? የመዋያው በር መቼ ይከፈታል? የመጣውን መልስ ሁሉ፣ ያልመለሱትንም ስም ጭምር፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።

ምክር ቤቱ በጃንዋሪ ሲከፈት አንድ ቀን ወደ አናፖሊስ እንሄዳለን። የሚኒባሱን ወጪ አንድ ደጋፊያችን ችለዋል፤ የሚቀረን የልጆች ጥበቃ ነው፤ በዚያ ቀን ፈረቃ የሌላችሁ ሁለት እህቶች ብትረዱን። እናታችን ስማቸውን ቀድመው አስመዝግበዋል፤ ያንኑ ጥያቄ ራሳቸው ሊጠይቁ ነው። ዝርዝሩ ከጸሐፊዋ ጋር ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ፈርሙ።