ስለ ብልጭታ ሙቀትና ስለ መጋዘናችን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ማንኩሳ ከተማ የቀረበ ንግግር)




አረቄ የምታወጣ እናት የአረቄዋን ጥንካሬ ለገዢ ማሳየት ስትፈልግ ጥቂት ጠብ አድርጋ ክብሪት ትለኩስበታለች። ጠንካራው ቦግ ይላል፣ ውኃ የበዛበት እምቢ ይላል። ላቦራቶሪ በፈሳሽ ኬሚካል ላይ የሚያደርገው ፍተሻም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቴርሞሜትር ይጨመርበታል እንጂ።

የሚነደው ፈሳሹ ራሱ ሳይሆን ከላዩ የሚነሣው እንፋሎት ነው። እሳት ሲቀርብ እንፋሎቱ ብልጭ ለማለት የሚበቃበት ዝቅተኛው ሙቀት የብልጭታ ሙቀት ወይም ፍላሽ ፖይንት ይባላል። ናሙናው ክዳን ባለው ጽዋ ተጨምሮ እየተማሰለ ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ በየዲግሪው ክዳኑ ለአፍታ ተከፍቶ ትንሽ ነበልባል ዝቅ ትላለች። ብልጭታው ሲታይ ቴርሞሜትሩ ይነበባል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ አቤል የሠራው እንዲህ ያለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1879 በአገሩ ሕግ ውስጥ ገብቷል፤ መነሻው የመብራት ጋዝ የሚያደርሰው አደጋ ነበር።

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ብልጭ ይላል። ነጭ ጋዝ ከ38፣ ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ይፈልጋሉ። ነጭ ጋዝ ላይ ጥቂት ቤንዚን የሚቀላቅል ነጋዴ ግን ያንን 38 ወዲያው ያወርደዋል፤ ኩራዝ የሚፈነዳውም በዚህ ነው።

ወደ ጸረ ተባዩ እንምጣ። ውኃ ሲነካው እንደ ወተት የሚነጣው ማላታይን 50 በመቶ፣ መርዙ ራሱ በቀላሉ አይቀጣጠልም። የሚቀጣጠለው ማሟሟያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ዛይሊን ሲሆን የብልጭታ ሙቀቱ 27 ዲግሪ አካባቢ ነው። በውኃ የተዘጋጀው ቱፎርዲ አሚን በአንጻሩ ከእሳት በኩል አያሰጋም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ትክክል አይደለም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በወረቀት የሚጻፈው ዲግሪ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት የታረመ ነው። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ፈሳሹ ቀድሞ ብልጭ ይላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚለካ ላቦራቶሪ ባነበበው ላይ 6 ዲግሪ ያህል መጨመር አለበት። በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም ከፍታ ልዩነቱ ወደ 5 ዲግሪ ይጠጋል። 27 የተባለው እዚህ 22 ነው ማለት ነው፤ 22 ዲግሪ ደግሞ በዚህ አገር ተራ ረፋድ ነው፣ የሚያዝያን ቀትር በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተዉት።

የዛይሊን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። ከፍ ያለ መስኮት ብቻ መክፈት ብዙ አይረዳም፣ ከግድግዳው ግርጌም ቀዳዳ ያስፈልጋል። ሌሊት ጥበቃው በር ሥር የሚያነደው እሳትም ከዚያ መራቅ አለበት። ባዶ ጄሪካንም ቢሆን እንፋሎት ስለሚይዝ እንደ ባዶ አይቆጠርም። በሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጥ ኬሚካል ደግሞ ቀዩን የእሳት ምልክት ሣጥኑ ላይ ትቶት ይመጣል።

የግዥ ኮሚቴዎች ከአቅራቢው የደኅንነት መረጃ ወረቀቱን ይጠይቁ፤ የብልጭታ ሙቀቱ ክፍል 9 ላይ ይገኛል። መጋዘን ጠባቂው ወረቀቱን ለማንበብ ከተቸገረ ቁጥሩ በቀለም ዕቃው ላይ ይጻፍለት፣ 5 ተቀንሶለት።