በዓይን የተሞላ ቅጽ

ከጃን አሞራና ከበየዳ፣ ከአዲ አርቃይ፣ ከዳባትና ከወገራ፣ ከዚያም ከራቀ አገር ልጆቻችሁን ለማየት የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬዋ ቀን ባለቤቶች ውድ ተመራቂዎች፤

የክብር እንግዳ ከዚህ መድረክ ላይ ሲቆም ስለ ሥራ ፈጠራና ስለ ትልቅ ሕልም ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። ሥራ መፈለግ እንደሚከብድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁና አልሸነግላችሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መዝገብ ቤት ነው፤ ፋይል ሳገላብጥ፣ ሰው ስለ ሰው የጻፈውን ሳነብ ኖሬያለሁ። የማውቀውን ልናገር። ሰውን በሥራው፣ በልብሱ፣ በፀጉሩ አይተን «ይኼ የእነ እገሌ ነው» ስለምንልበት ልማድ ነው የምናገረው። ቡና ላይ ሲባል ሐሜት ነው፣ ያልፋል። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን መሬት ያስቀማል፣ ያሳስራል፣ ያስገድላል። በአገራችን ሦስቱንም አድርጓል።

ልማዱ ፓርቲ ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው። ከዚህ ከደባርቅ ወደ ላይ፣ ጃን አሞራ ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም አለች። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት እሳቸው ሊነግሡባት ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሠባት ግን ውቤን በጦር ሜዳ ያሸነፈው ካሣ ኃይሉ ሆነ፤ አቡነ ሰላማ ቀብተው ቴዎድሮስ ተባለ። ባላንጣዎቹ ምን ብለው ይሰድቡት እንደነበር ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል፤ የኮሶ ሻጭ ልጅ። እናቱ ኮሶ ሸጠች አልሸጠችም የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔን የሚገርመኝ የስድቡ ስሌት ነው። የእናቱን ሥራ ሰምተው የልጁን ሐሳብ መጠን ለኩ፤ ከዚህ አያልፍም አሉ። ያለፈው ደግሞ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ከዚያ የከፋውም እዚሁ ተራራ ሥር ነበር። በስሜንና በዙሪያው የቤተ እስራኤል መንደሮች ነበሩ። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ጎረቤታቸው ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን፣ ጀበናውንና ምጣዱን ከእነሱ ወስዶ ይገባና፣ ማታ «ቡዳ ናቸው» ብሎ ልጁን ይሸፍንባቸዋል። ብረት በእሳት የሚያቀልጥ እጅ ካየ ስለ ልቡ ሌላ መጠየቅ አላስፈለገውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአፍ አልወጣም። በ1977 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ደግሞ ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሃይማኖትም ረሃብም ጦርነትም አለበት። የጎረቤት ዓይን ግን ከምክንያቶቹ መካከል አልነበረም የሚል ካለ እኔ አላምነውም።

የፖለቲካው ዘመን ሲመጣ ይኸው ልማድ አዲስ ቃላት አገኘ። በደርግ ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የእናንተ ዕድሜ ራሱ ማስረጃ ነበር። ተማሪ ከሆንክ፣ አፍሮ ካበጠርክ፣ መጽሐፍ በብብትህ ከያዝክ ኢሕአፓ ነህ። አባትህ ባላባት ከነበረ፣ ወይም ዘመዶችህ ወደ ሱዳን ወሰን ከወረዱ ኢዲዩ ነህ። በ1969ኙ አሰሳ የጽሕፈት መኪና እንደ ጦር መሣሪያ ይፈለግ ነበር። ሻለቃ መላኩ ተፈራ ጎንደርን ሲገዙ የሆነውን እኔ ከምነግራችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የልጇን መጽሐፍ ምድጃ የከተተች እናት በየሰፈሩ አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትስቱ። ግምቱ ሁልጊዜ አልሳተም። በዚያ ዘመን ብዙ ተማሪ በእርግጥም ኢሕአፓን ይደግፍ ነበር፤ ከባላባት ልጆችም ወደ ኢዲዩ የሄዱ ነበሩ። ልማዱ እስከ ዛሬ የዘለቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ጨርሶ የማይሳካለት ቢሆን ኖሮ ድሮ በተተወ ነበር። አሥር ጊዜ የተሳካለት ሰው ግን አሥራ አንደኛውን መጠየቅ ያቆማል፤ ቀይ ሽብር ውስጥ ያለቀውም ብዙው ያ ሳይጠየቅ የቀረው አሥራ አንደኛው ነው።

መዝገብ ቤት ስለኖርኩ ይሆናል፣ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጥይት ያልተተኮሰበት ታሪክ ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደገና ሲደለደል ገበሬው በየቀበሌው ተሰብስቦ ተመደበ። ከምድቦቹ ሁለቱ «ቅሪት ፊውዳል» እና «ቢሮክራት» ይባሉ ነበር። ቢሮክራት የተባለው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሞፈር ቀንበር ተሸክሞ የሚውል፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ወይም ጸሐፊ ወይም የፍርድ ሸንጎ አባል ሆኖ ያገለገለ ገበሬ ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ጎረቤቱን ያስጨነቀ፣ የሰው ልጅ ለውትድርና አሳልፎ የሰጠ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠረ ብቻ «አንተ ጻፍልን» ተብሎ የተሾመ ነው። የምደባው ቅጽ ሁለቱን አይለይም። ሥራው ታየ፣ ከሥራው አቋሙ ተገመተ፣ ከግምቱም የመሬቱ ልክ ወጣ፤ ለእሱ ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር አይበልጥም። ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ድረስ መያዝ ሲችል የእሱ ትርፍ ተቆርጦ ለሌላ ተሰጠ። አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ።

መሬት ያጣው ሰው ልጆች አሉት። የአባታቸው ምድብ እነሱም ላይ ያረፈ ነው፤ ድርሻቸው ከዚያው ከአራት ጥማድ ነውና። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል አያቱ በዚያ ቅጽ ላይ የተጻፈ፣ ወይም አያቱ ያንን ቅጽ የጻፈ ሊኖር ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሆናል፤ በዛሬው ካባ ማን የማን እንደሆነ አይለይም።

አሁን ደግሞ ወደ ዳባት ኑ፤ ከዚህ በመኪና ብዙ አይርቅም። በዚያው ዘመን፣ በፈረንጆች 1996፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያካሂደው የዳባት የጤና ጥናት ሥራ ጀመረ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ለቀቀ ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ከሞተ የሐዘኑን ጊዜ ጠብቀው ይመለሱና፣ ምን አመመው፣ ስንት ቀን ተኛ፣ ያተኩሰው ነበር ወይ ብለው ቤተሰቡን ያነጋግራሉ፤ የሞቱ ምክንያት ከዚያ ነው የሚወጣው። በዚያን ሰሞን በአንድ ክልል ውስጥ ሁለት ዓይነት መዝገብ ይሞላ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም በእስክርቢቶ፣ ሁለቱም በቀበሌ ደረጃ። አንደኛው ሰውየውን ጠይቆ ይጽፋል። ሌላው አስቀድሞ ስም ያዘጋጅና ስሙን የሚሸከም ሰው ይፈልጋል። የጤና ተመራቂዎች ይህን ልዩነት ተምራችሁታል፤ በሽተኛ ከደጅ ሲገባ አይቶ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

የስሜን ተራሮች ፓርክንም ላንሳ፤ ሳላነሳ ብሄድ የቱሪዝምና የተፈጥሮ ሀብት ልጆች ይቀየሙኛል። የስሜን ተራሮች በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኑ፣ በ1989 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገቡ፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይተው በ2009 ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት በ2008 ፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነሥተው ወደዚህ ወደ ደባርቅ መጡ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «እረኛ የፓርክ ጠላት ነው» የሚለው አባባል ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እየተገለበጠ ኖረ። በ2011 ፓርኩ ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ተመስገን ነው። እነሱ እስኪደርሱ ቅጠልና አፈር ይዞ ገደሉ ላይ ከእሳቱ ጋር የተናነቀው ግን ማን ነበር? ያው ከብቱን እያገደ ጠላት የተባለው ሰው ነው።

የቅርቡን ነገር ዘልዬ ብሄድ ትታዘቡኛላችሁ። በነሐሴ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ገብቶ ሰላማዊ ሰው አልቋል። ከእናንተ መካከል የቀበረ አለ። ከዚህ በኋላ ሰው ሰውን ቢፈራ ልማደ ክፋት ነው ልለው አልችልም፤ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። በ2014 ደግሞ እዚያው ዳባት፣ አለምዋጭ ላይ፣ ትግራይ ውስጥ ካሉት ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የመጡ ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፈሩ። ብዙዎቹ ማብቂያ የሌለውን ብሔራዊ አገልግሎት ሸሽተው የወጡ ናቸው። በመጡበት በኩል የአስመራ መንግሥት ሰዎች ተብለው ተጠረጠሩ፤ ወዲህ ሲሻገሩ ደግሞ አፋቸው ትግርኛ ነውና ሌላ ጥርጣሬ ጠበቃቸው። ከአንድ መንግሥት የሸሸ ሰው፣ በሁለት በኩል፣ ያልሆነውን ሁለት ነገር ሆኖ ተገኘ።

አሁንም ፀጉሩን ያሳደገ ወጣት ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ ለምን እሱ ብቻ እንደወረደ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ ታጣቂ መስሎ ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ኪሱ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መታወቂያ ስላለ ብቻ በጠላት ዓይን የሚታይ መምህር አለ። ደመወዙ በሰዓቱ ይግባለት አይግባለት የሚያስብ የለም፤ ደሞዝተኛ ከሆነ የመንግሥት ነው። ተመራቂዎች፣ ይኸ ሁለተኛው እናንተ ናችሁ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆናችሁ ቀበሌ ስትገቡ ገበሬው ካድሬ ይላችኋል። ጤና ጣቢያ ብትመደቡም ያው ነው። አትቆጡት። የማዳበሪያ ዕዳ ሲሰበሰብ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ በምርጫ ሰሞን ደጅ ሲንኳኳ የመጣው ያው የእናንተ መሰል ባለሙያ ነበር። እሱም እንደ እኛው አይቶ ገምቷል። ግምቱን የሚያስተው ንግግራችሁ አይደለም፤ የወይዘሮዋ ላም ስትታመም ማታ መጥታችሁ እንደሆነ፣ ከስብሰባ ለቀረው ሰው ዘር እንዳትሰጡት ስትታዘዙ ሰጥታችሁት እንደሆነ ነው።

እንደምታዩት፣ እኔን የሚያሳስበኝ የእናንተ መገመት ብቻ አይደለም። የምትጽፉት እናንተ መሆናችሁ ነው። ወላጆቻችሁ በአብዛኛው የተጻፈባቸው ሰዎች ናቸው፤ ከነገ ጀምሮ እስክርቢቶው ወደዚህኛው ወገን ዞሯል። የተማሪ ባሕርይ፣ የሠራተኛ ምዘና፣ የብድር ጥያቄ፣ የዕርዳታ እህል ዝርዝር፣ የተፈናቃይ ምዝገባ በእጃችሁ ያልፋል። በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንድ የመምህር የዝውውር ማመልከቻ አገኘሁ። ሰውየው እናቱ ታማ ወደ እሷ መቅረብ ነበር የፈለገው። ከታች አለቃው የጻፈው ይህን ነበር፤ «ፂሙን አሳድጓል፣ በስብሰባ ላይ አይናገርም፣ አቋሙ ያልጠራ ነው።» ዝውውሩ አልተፈቀደም። ስለ እናቱ ሕመም በፋይሉ ውስጥ አንዲት መስመር እንኳ የጻፈ አልነበረም። «ወላዋይ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «አድርባይ» የሚሉትንም ብዙ አንብቤያለሁ፤ መንግሥት ሲለወጥ ቃሉ ይለወጣል፣ የሚጻፍበት ቦታ ግን ያው ነው።

ቦታውን ላሳያችሁ። በየቅጹ መጨረሻ «አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር አለ። አለቃችሁ ባዶ ስትተዉት ደስ አይለውም፤ ሙሉት ይላችኋል። ሙሉት። «ማመልከቻው ሦስት ቀን ዘግይቷል» ብላችሁ፣ «የሐኪም ወረቀት አያይዟል» ብላችሁ፣ «ጠይቄው እንዲህ ብሎኛል» ብላችሁ ሙሉት። ስለ አቋሙ ጻፉ ከተባላችሁ «አልጠየቅሁትም» ብላችሁ ፈርሙ። በዚህ ምክንያት እድገት የሚዘገይበት ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ አልደብቃችሁም።

ወላጆች ፀሐይ ላይ ቆማችኋል፣ ልጆቹም ገና ዲግሪያቸውን አልተቀበሉም። እንኳን ደስ አላችሁ።